በፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ላይ የተከበበችው ከተማ

የመቐለ ድንጋይ ሲፈለጥ ይሸታል። ይህን የማያውቅ ሰው መቐለን አውቃታለሁ ቢለኝ አልሰማውም። መሮው ገብቶ ድንጋዩ ለሁለት ሲከፈል አንድ ሽታ ብልጭ ይላል፤ አሁን የጠፋ ክብሪት የሚመስል፣ ወዲያው የሚበርድ። ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ እንዳ ኢየሱስ ወጥቼ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ሲጠርብ ደረስኩ። ሽታው ያዘኝና ቆምኩ።

«ምን ፈለግክ፣ ሓወይ?» አለኝ ቀና ብሎ።

«ምንም። ሥራህን ሥራ።»

ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን እዚያው ተገትሬ ቀረሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ የነበረበት ክረምት በአፍንጫዬ ገብቶ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ እያለ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይቻለው። ደግሞ ከበባ የሚለውን ቃል አይቶ የቅርቡን የሚጠብቅ ካለ ይተወው። ትልቁን ከበባ ይህ ከተማ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። የምጽፈው ስለ ትንሿ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ስለተደረገችው። እኔ አዛዥ ስለነበርኩባት።

አቦይ ካሕሳይ የእናቴ አጎት ናቸው፣ ድንጋይ ጠራቢ። በዚያን ጊዜ ከሓድነት እስከ ዓይደር የእሳቸው እጅ ያልነካው አጥር ለማግኘት መዞር ያስፈልግ ነበር። አባቴ ሲሞት እናቴ ወሰደችኝና፣ «ኣኮይ፣ ይሄን ልጅ ሰው አድርጉልኝ» አለቻቸው። እሳቸው ፊቴን አላዩም፤ እግሬን አዩ።

«ይሮጣል?»

«ይሮጣል።»

በቃ። ትምህርቴ እዚያው አለቀ። ያዘነልኝ ሰው አላስታውስም፤ እኔም ለራሴ አላዘንኩም፤ ሐዘኑ የመጣው በኋላ ነው።

እግር የፈለጉት የራሳቸው ጉልበት ስላለቀ ነው። እሳቸው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ፣ ድንጋይ ከሚራገፍበት ቦታ ተቀምጠው ይጠርባሉ፤ ግንበኞቹ ጫፉ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ አጥር ይገነባሉ። መሃል ያለው ዳገት የእኔ ነው። እሳቸውም ሆኑ ግንበኞቹ ማንበብ አያውቁም። ሥራ ግን መልእክት ይፈልጋል። ስለዚህ አቦይ ካሕሳይ በከሰል ጣውላ ላይ ምልክት ይሠራሉ፤ እኔ ጣውላውን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ላይ ያሉት አይተው ይገነባሉ፤ ጥያቄ ካላቸው ጀርባው ላይ አድርገው ይመልሱኛል። እንደ ክርን የታጠፈ መስመር ማዕዘን ነው። የተጠላለፈ ጭረት «ይፍረስ» ነው። ረጅም መስመር ረጅም ድንጋይ፣ ነጠብጣብ ጠጠር። እንዲህ እያለ ሠላሳ ያህል ይደርሳል። ከእሳቸው እጅ ከወጡ ግንበኞች በስተቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ በአንድ ወር ለቀምኩት። ያም ሆኖ መጻፍ እንደማልችል አምን ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለኝ ነበራ!

ሐምሌ ሲገባ አንድ ቀጭን ሰው ዣንጥላ ይዘው ወደ ድንጋይ ክምሩ ወረዱ። መምህር ይልማ ናቸው፤ ከጎጃም የመጡ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታሪክ የሚያስተምሩ።

«አቦይ፣ የከተማ ቅጥር ማሠራት ፈልጌ ነበር» አሉ።

«የየትኛው ከተማ?»

«ይህችን የምታህል» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

አቦይ ካሕሳይ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «መምህር፣ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ። ለጨዋታ ነው።»

«ለልጆችዎ?»

«ኧረ ለራሴ።»

አቦይ ካሕሳይ ወደ እኔ ዞረው በትግርኛ፣ «ሂድ ሥራላቸው። ሰውዬው ታሟል፤ በምንም አትከራከረው» አሉኝ።

እኔም እንደ በሽተኛ አየኋቸው። የመምህራን ክበብ ውስጥ መረቡ የተቀደደ ፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ነበር፤ ከተማዋ እዚያ ላይ ትሠራ ተባለ። አራት ቀን ፈጀችብኝ። ከጥርብ የተረፈ ፍንካች ለቅሜ፣ በጭቃ፣ ቁመቱ ስንዝር የሆነ ቅጥር ገነባሁ፤ በክር ላይ ምስማር አስሬ ቱምቢ አደረግኩ። ለጨዋታ ነው ብዬ አላሾፍኩም። ሁለት ፊት፣ መሃሉ ሙሌት፣ በየአራት ጣቱ ማሰሪያ። ማሰሪያ ማለት ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ ድንጋይ ነው፤ እሱ ካልያዘው ግንብ በክረምት ሆዱን ይነፋና ይተኛል። እስከዛሬ ብዙ ግንብ ሠርቻለሁ። እንደዚያ የኮራሁበት የለም።

በአምስተኛው ቀን መምህር ሣጥን ይዘው መጡ። ውጭ አገር ሲማሩ የገዟቸው፣ የጣት አንጓ የሚያህሉ የብረት ሰዎች ናቸው፤ መቶ ይሆናሉ፤ ኮታቸው፣ ጢማቸው፣ የባርኔጣቸው ላባ ሳይቀር በቀለም ተቀብቷል። ግማሾቹ ከቁመታቸው ሦስት እጥፍ የሚረዝም ዘንግ ይዘዋል።

«መምህር፣ ደብተራዎቹ በዙ» አልኩ።

«የምን ደብተራ?»

«መቋሚያ የያዙት።»

መምህር ይልማ ወንበር ፈልገው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ አስረዱኝ። ከሦስት መቶ ምናምን ዓመት በፊት በፈረንጅ አገር ጦርነት እንዲህ ነበር አሉ። ጠመንጃው አንድ ጊዜ ተኩሶ እስኪጎርስ ድረስ ጠላት ይደርሳል፤ ስለዚህ ባለ ረጅም ጦሩ ባለ ጠመንጃውን ይጠብቃል። ጠመንጃው ራሱ የሚለኮሰው በሚነድ ገመድ ነው፤ ዝናብ ከመጣ ገመዱ ይጠፋል፣ ጠመንጃውም ዱላ ይሆናል። ባለ ጠመንጃዎቹ ሁሉ መንታ እንጨት ይዘዋል፤ እኔ ወንጭፍ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጠመንጃው ስለሚከብድ ማስደገፊያ ነው። ትንንሽ ቅርጫቶችም ነበሩ። እነሱን ግን ማንም ሳያስረዳኝ አወቅኳቸው፤ ድንጋይና አፈር የሚሞላባቸው ጋቢዮን ናቸው። በአገራችን ጎርፍ ያቆሙበታል፤ እነዚያ የመድፍ ጥይት ያቆሙበታል።

ጨዋታው በየእሑዱ ነበር። ከተማዋን የሚከብበው ብሩክ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሲቪል ምህንድስና ይማራል፤ አንድ ኮርስ ወድቆ ክረምቱን ግቢ ቀርቷል። ከተማዋን የሚጠብቀው ሰይድ ነው፤ ከወሎ መጥቶ ለተማሪዎች ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸክሙን አውርዶ ጨዋታውን ሲያይ ሲያይ ተጫዋች ሆኖ ቀረ። ሌሎቹ ተማሪዎች ከበው ይመለከታሉ። እኔ ግንቡ ቢሰነጠቅ ልጠግን በር ላይ ቆሜአለሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ብሩክ መድፉን ደርድሮ ዳይሱን ጣለ። ስድስት መጣለት። «ገባ!» ብሎ እጁን ሰዶ የግንቤን አንድ ክንድ ሊያነሳ ሲል፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«ኣይወድቅም!»

ሁሉም ዞሩ። ብሩክ፣ «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለኝ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ። በአንድ ጥይት ኣይወድቅም።»

«ስድስት ነው እኮ የመጣው፣ ባክህ። ዳይስ ላይ ክርክር የለም።»

«ዳይስህ ድንጋይ ኣያውቅም።»

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ አማርኛዬ ላይ ይሁን ነገሬ ላይ አላውቅም። መምህር ይልማ ግን አልሳቁም። ብይ አስመጥተው ለብሩክ ሰጡትና «ምታው» አሉት። መታው። ብይው ነጥሮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ከግንቡ ጭቃ እንኳን አልረገፈም። ደግሞ መታው። በስድስተኛው አንዲት ፍንካች ወጣች። መምህር ሕጉ ከተጻፈበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሰርዘው፣ «ግንብ የሚወድቀው አንድ ቦታ ስድስት ጊዜ ሲመታ ነው» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በር ላይ ምን ታደርጋለህ? ከሰይድ ጋር ሁን» አሉኝ።

ከሰይድ ጋር ሆንኩ። ወንበር ተሰጠኝ። ከዚያ በፊት ወንበር ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያን ሳምንት መምህር የከተማዋን ሕዝብ ረሃብ ሲያስረዱ እንዲህ ብለው ነበር፦ ከበባ በረዘመ ቁጥር እህል ያልቃል፣ ሰው አይጥ ይበላል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እነዚያ ሰዎች አሰብኩ። በነጋታው ጣውላ ላደርስ ስወጣ በክበቡ መስኮት ገብቼ ከቅጥሩ ውስጥ አንድ እፍኝ ቆሎ አፈሰስኩላቸው። እሑድ ስንመጣ ቆሎው የለም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በልተውታላ!

«መምህር፣ ጠረጴዛው ላይ የአይጥ ኩስ አለ» አለ ብሩክ።

ጉዴ ወጣ። ሰይድ ሆዱን ይዞ፣ «ወላሂ እንዲህ ያለ ከተማ አይቼ አላውቅም፤ በከበባ ሰው አይጥ ይበላል፣ የእኛን አይጥ በላቸው!» አለ። ብሩክ እየሳቀ አንድ ቀን የሚያቆይ ስንቅ ይመዝገብላቸው አለ። እሱ እንኳን ያን ያህል ክፉ አልነበረም። መሸነፍ አይወድም እንጂ።

አንድ ሕግ ግን ነበር። እያንዳንዱ አዛዥ ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ፣ የወተት ጣሳ ውስጥ ይከታል። መምህር አውጥተው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ የተነበበው ይሆናል። ያልተጻፈ አይፈጸምም። በዚያ ዘመን ጭሱና ጩኸቱ መሃል የአዛዥ ቃል የሚደርሰው በወረቀት ነበር ይላሉ። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የማይችል ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። አንድ እሑድ የግቢው ዘበኛ ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ ስላዩት ከወንበሩ አስነሱት። እየሳቁ ነው ያስነሱት፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል አላለፈም። እኔ ያን ቀን ወረቀት እንዳይሰጡኝ ብዬ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ።

ያዳነኝ ሰይድ ነው። እሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል። እኔ በጆሮው አንሾካሹካለሁ፣ እሱ ይጽፋል። መጀመሪያ አስማት መሰለኝ፤ በሰይድ ጆሮ ያስገባሁት ቃል ከመምህር ይልማ አፍ ይወጣል። «ባለ ጦሮቹ ከበሩ ኋላ ይቁሙ» እላለሁ፤ መምህር «ባለ ጦሮቹ ከበሩ ኋላ ይቁሙ» ይላሉ። ከዚያ የብረት ሰዎቹ ይሄዳሉ። በሕይወቴ ማንንም አዝዤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ግን መምህር ያላልኩትን አነበቡ። እኔ «ምሥራቁን ጠብቁ» ብያለሁ፤ ወረቀቱ «በሩ ተከፍቶ ድንገት ይውጡ» አለ። ወጡ። ሰባት ሰው ሞተብን። በመንገድ ላይ ሰይድን አፋጠጥኩት።

«እኔ እንደዚያ ብያለሁ?»

«ይሻላል ብዬ ነዋ፣ አቦ። አንተ ሁልጊዜ ግንብ ግንብ ትላለህ።»

«ያልኩህን ጻፍ።»

«እና ራስህ ጻፈው!» አለኝ፤ ወዲያው ግን ደነገጠና ትከሻዬን ያዘኝ። «አፉ በለኝ፣ ሃፍቶም። ከአፌ አምልጦኝ ነው።»

አፉ አልኩት። ግን ያን ቀን የገባኝ ነገር አልወጣልኝም። ሌላ ሰው የሚጽፍለት ሰው አፉን አከራይቷል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሰይድ የአባቱን ጤፍ ሊያርም ወደ ወሎ ሄደ። አባቱ ብቻቸውን ናቸው፣ ልክ ነው። «ለአንድ እሑድ ነው፣ ታመምኩ በልና ቅር» ብሎኝ ሄደ። ያቺ እሑድ ግን የመጨረሻዋ ነበረች። ብሩክ ሦስት እሑድ ሙሉ ከመሬት በታች ቆፍሮ፣ እየቆፈረ የሄደበትን መንገድ በክብሪት እንጨት ደርድሮ፣ ከሰሜኑ ማዕዘን ሥር ደርሷል። ባሩዱን አስገብቷል። ያን ቀን ማዕዘኑ እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል። ከቀረሁ ከተማዋ ያለ አዛዥ ትወድቃለች። ከሄድኩ መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩ ደግሞ እንደ ዘበኛው ልጅ እነሳለሁ።

ሄድኩ።

ክፍሉ ሞልቶ ነበር፤ ወሬው ተሰምቶ ከየዶርሙ መጥተዋል። ብሩክ ቶሎ ጽፎ አጥፎ ጣሳው ውስጥ ከተተ። ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ ተቀመጠ። ማዕዘኑን አየሁት። ምን መደረግ እንዳለበት ለእኔ እንደ ቀን ግልጽ ነበር፤ ሆዱ የወጣ ግንብ አይደገፍም፤ ይተዋል፣ ከኋላው ሌላ ይሠራል። ይህን ስንት ጊዜ በጣውላ ተሸክሜ ወጥቻለሁ! ይህን ያሰብኩ ጊዜ እጄ እስክሪብቶውን አነሳ። ቸኩሎ ሠራ። አጥፌ ከተትኩ።

መምህር መጀመሪያ የብሩክን አነበቡ፤ «ባሩዱ ይለኮስ። ማዕዘኑ ሲወድቅ ጦሩ ሁሉ በዚያ ይግባ።» ቀጥለው የእኔን ዘረጉ። አዩት። ገለበጡት። መልሰው አዩት። ብሩክ አንገቱን አስግጎ፣

«ይሄ ምንድን ነው? ዶሮ ነው የጫረችው?» አለ።

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። «መጻፍ አይችልም! ያ ነጋዴ ነበር የሚጽፍለት፤ እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር» አለ ብሩክ። «መምህር፣ ያልተጻፈ አይፈጸምም። ሕጉ የእርስዎ ነው።»

«ተጽፏል» አልኩ።

«በላ አንብበው!» አለኝ ብሩክ።

አፌን ስከፍት መምህር ይልማ እጃቸውን አነሱ። «አንተ አታንብበው። አሁን የፈጠርከው ነው ይሉሃል። ጽሑፍ ከሆነ፣ ሳትኖርም ሌላ ሰው ያነበዋል። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው አለ?»

«አቦይ ካሕሳይ።»

እሑድ እሑድ አቦይ ካሕሳይ ከቅዳሴ በኋላ ከኮረብታው ግርጌ ባለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣሉ። ዳገቱን መውጣት አይችሉም። ስለዚህ እኛ ወረድን፤ መምህር ጣሳውን በዣንጥላ ከልለው ከፊት፣ ብሩክ ከኋላቸው፣ ሃያ የሚሆን ተማሪ በካፊያ ውስጥ ተከትሎ። ሽማግሌዎቹ ሰልፉን ሲያዩ ሰው የሞተ መስሏቸው ተነሡ። እኔ እንዳልናገር፣ በዓይኔም እንዳልጠቅስ፣ ፊቴን አዙሬ አሥር እርምጃ ርቄ እንድቆም ተደረግኩ።

«አቦይ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ይህን ያነቡልናል?» ሲሉ ሰማሁ መምህር።

«እኔ? እኔ ማንበብ አልችልም፣ መምህር። ቄሱን ጠይቋቸው።»

ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቁን አፍኖ ሲተነፍስ ተሰማኝ። ጆሮዬ ጋለ።

«እስቲ ብቻ ይዩት።»

ወረቀቱ ሲገላበጥ ሰማሁ። ከዚያ የአቦይ ካሕሳይ ድምፅ መጣ፤ ያ ሥራ ላይ ያላቸው ድምፅ።

«እህ! ይሄማ ምልክት ነው። ገልብጣችሁ ሰጥታችሁኝ ነው እንጂ። ማዕዘኑ ይፍረስ፣ ይላል። ከኋላው እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ አዲስ ግንብ ይሠራ። መሃሉ ላይ ረጃጅሞቹ ይደርደሩ። ግራና ቀኙ ጠጠር ይሁን። ቀኙ ከአሮጌው ግንብ ጋር ይታሰር።»

መጀመሪያ የተናገሩት መምህር ናቸው፤ ለራሳቸው ይመስል ቀስ ብለው። «ረጃጅሞቹ… ባለ ጦሮቹ ናቸው። ጠጠሩ ባለ ጠመንጃ። ማዕዘኑን ይተውልሃል፣ ብሩክ። ስትገባ ከፊትህ ሁለተኛ ግንብ ታገኛለህ፤ ከግራና ከቀኝ ይተኩሱብሃል።»

«አየሁት» አለ ብሩክ።

ፊቴን አዞርኩ። ማንም አልከለከለኝም። ያን ጊዜ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። አቦይ ካሕሳይ ግን ወረቀቱን አለቀቁም፤ ወደ ዓይናቸው አስጠግተውት ነበር።

«ግራውስ?» አሉ።

«ምን አሉ አቦይ?»

«ግራው! ቀኙ ታስሯል፤ የግራው ማሰሪያ የታለ? ይሄን የጻፈ ማነው?» ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ከእግራቸው ሥር ጠጠር አንስተው ወረወሩብኝ፤ ትከሻዬን አገኘኝ። «ኣንታ ዓሻ! አዲስ ግንብ ባንድ ወገን ተንጠልጥሎ ይቆማል? ይሄን ነው ያስተማርኩህ?»

ረስቼው ነው። ስቸኩል ዘልዬዋለሁ። «በአፌ ልጨምረው?» ለማለት መምህርን አየኋቸው። መልሱን ግን ሳልጠይቅ አወቅኩት።

«እንደተጻፈው ይፈጸማል» አሉ መምህር ይልማ።

ተመልሰን ወጣን። ማዕዘኑን በገዛ እጄ አፈረስኩ፤ አዲሱን ጎባጣ ግንብ በፍንካች ደረደርኩ፤ ቀኙን አሰርኩ፤ ግራውን ክፍት ተውኩ፣ እንደተጻፈው። የብሩክ ሰዎች በፍርስራሹ ገቡ። ከግራና ከቀኝ ተተኮሰባቸው፤ አሥራ አንድ ሰው ተነሣበት፤ ባለ ጦሮቼ ንቅንቅ አላሉም። ተመልካቹ ጮኸ፤ ከእኔ ጋር ነበር የጮኸው። በሁለተኛው ዙር «ግራው ይታሰር» ብዬ ጻፍኩ፤ በምልክቴ። ያን ጊዜ መውረድ አላስፈለገም፤ መምህር ምልክቶቹን ከአፌ እየተቀበሉ ደብተራቸው ላይ አስፍረዋቸው ነበር፤ ራሳቸው አነበቡት። የብሩክ ትእዛዝም ግን «በግራ በኩል ይግቡ» የሚል ነበር። የእሱ ሰዎች ቅርብ ነበሩ፣ የእኔ ሩቅ። በሦስተኛው ዙር ከተማዋ ወደቀች።

ብሩክ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። «ግራውን ባትረሳው አልቆልኝ ነበር» አለ። የምህንድስና ተማሪው! መምህር ወረቀቶቼን ሦስቱንም ከብሩክ ወረቀቶች ጋር አንድ ላይ አድርገው ፋይላቸው ውስጥ ከተቱ። አጨበጨቡልኝ።

ያን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም ሰው አንድ ነገር አልጠየቀኝም፦ አንተ ልጅ ለምን ትምህርት ቤት አትሄድም? ሃያ ተማሪና አንድ መምህር ነበሩ። ምልክቴን ጻፉ፣ እኔን ተዉኝ። ይህን እስከዛሬ ይቅር አላልኩም፤ አልልምም። ኩራቴን ግን አልቀነሰውም። ሁለቱም አንድ ላይ ይኖራሉ።

ሰይድ የተመለሰው በሳምንቱ ነው። ድንጋይ ክምሩ ጋ ስደርስ የጨርቅ ሸክሙን ሳያወርድ ጠበቀኝ፤ አረም እጁን አቁስሎታል።

«ከተማችንስ?»

«ወደቀች።»

«በል ተወኝ! ቅር ብዬህ አልነበር? ያለ ትእዛዝ ነዋ የወደቀችው!»

«በትእዛዝ ነው። ግራው ስላልታሰረ።»

«ግራው ስላልታሰረ?» ሸክሙን መሬት ላይ ጣለው። «እንዲህ ያለ ስሕተት! ወላሂ የትኛው ደነዝ ነው እንደዚያ ብሎ የጻፈልህ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩት።

ዓይኔን አየ፤ የምቀልድ መስሎት ቆየ፤ ከዚያ ሸክሙ ላይ ቁጭ አለ። እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት። አቦይ ካሕሳይ «ሥራ!» ብለው እስኪጮኹብኝ ድረስ፣ ከተማዋን እንዴት አድርጌ በገዛ ጽሑፌ እንደጣልኳት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት።